አራተኛው ትእዛዝና የጤና መድን መታወቂያ
(ለቤተሰብና ለጉባኤ የሚሆን ትምህርት)



በዚህ እትም ስለ አራተኛው ትእዛዝ ልንነጋገር ወደናል። ይህን ትእዛዝ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቃላችን እናውቀዋለን፤ ለልጆችም እናስተምረዋለን። ይሁን እንጂ በምናስተምርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው ልጅ ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት እንዲል፣ ታላቅ ሲመጣም ከመቀመጫው እንዲነሣ ነው። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ትእዛዙ ለሕፃናት ብቻ የተሰጠ አይደለም። ቤት ለሠራ፣ ልጅ ለወለደ፣ ጸጉሩም መሸበት ለጀመረ ሰው ጭምር የተሰጠ ነው። እንዲያውም የሚከብደው በዚያን ጊዜ ነው፤ ያሳደጉን ወላጆች ጉልበታቸው ደክሞ፣ ዓይናቸው ፈዝዞ፣ የእኛን እጅ መፈለግ ሲጀምሩ።

ይህን ትምህርት እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ ጉዳይ አለ። ነገሩ እኛንም የሚወቅስ ስለሆነ ሳንሸፋፍን እንናገረዋለን።

፩. የአንዲት እናት ጉዳይ

ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ አንዲት እናት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ በሀብሩ ወረዳ ከሚገኘው የገጠር ቤታቸው ወጥተው ወልድያ ከተማ በሚኖረው ልጃቸው ቤት ተቀመጡ። ልጃቸው በቀን ሥራ የሚተዳደር ነው። ሴት ልጃቸው በዐረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች ሲሞላላት ትልካለች። እናታችን የደም ብዛት ሕመም ስለ ነበረባቸው መድኃኒት በየወሩ መግዛት ነበረባቸው። እኛም ችግራቸውን ሰምተን ሁለት ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ ምዕመናን ገንዘብ እንዲያዋጡላቸው አደረግን። ሕዝቡም ሳይሰስት ሰጠ። እኛም ግዴታችንን የተወጣን መስሎን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ግን እናታችን ከመኝታቸው ሊነሡ ሲሉ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አላቸው። ለሦስተኛ ጊዜ መዋጮ ልንጠይቅ በተዘጋጀንበት ሰዓት ከቅሬያቸው የመጡ አንዲት ባልቴት፣ «ለመሆኑ እኚህ ሰው መድን የላቸውም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። ማናችንም መልስ አልነበረንም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ማናችንም አልጠየቅንምና።

ነገሩ ሲጣራ እኚህ እናት ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ በገጠሩ ቀበሌ የጤና መድን አባል ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ግን መታወቂያው ሳይታደስ ቀረ። ወደ ከተማ ሲመጡ በቀድሞው ቀበሌ «ለቀዋል» ተባሉ፤ በአዲሱ ቀበሌ ደግሞ «አልተመዘገቡም» ተባሉ። ይህን እርሳቸው ራሳቸው ያውቁ ነበር። ለልጃቸው ያልነገሩት ሥራውን ትቶ በየቢሮው እንዳይጉላላ፣ የቀን ደመወዙም እንዳይቀርበት በማሰብ ነው። መድኃኒቱ እንዲበረክትላቸው አንድ ቀን ወስደው አንድ ቀን ይዘሉ እንደ ነበርም ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው።

እናታችን ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ቀኝ እጃቸው ግን አልተመለሰም። እኛም ከዚህ የተማርነው ይህን ነው፦ ገንዘብ ሰጥተናል፤ ነገር ግን እግራችንን አልሰጠንም። ለእኚህ እናት በጊዜው ያስፈልጋቸው የነበረው ቀበሌ ድረስ የሚሄድላቸው፣ ጽሑፉን የሚያነብላቸው፣ ወረፋውን የሚጠብቅላቸው ሰው ነበር።

፪. ጌታችን ስለዚህ ጉዳይ ምን አስተማረ?

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ከቁጥር 9 እስከ 13 ጌታችን ፈሪሳውያንን የወቀሰበት ታሪክ ተጽፎ እናገኛለን። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ወላጆቹን መርዳት የሚገባውን ገንዘብ ለእግዚአብሔር የተሳለ ነው በማለት ከግዴታው ነፃ የሚሆንበት ወግ ነበር። በዚህ ወግ የሚነገረው ቃል በወንጌሉ ውስጥ «ቍርባን» ተብሎ ተቀምጧል። ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ይህን ቃል ልብ እንበል። እኛ ዛሬ ቅዱስ ምሥጢሩን የምንጠራበት ቃል በዚያ ሰው አፍ የደከሙ ወላጆችን መሸሻ ሆኖ ነበር። ጌታችንም ሃይማኖትን ምክንያት አድርጎ ወላጁን የሚተወውን ሰው የእግዚአብሔርን ቃል የሚሽር ነው ብሎ ፈርዶበታል። እንግዲህ ወደ ቅዱስ ቍርባን የምንቀርብ ሁሉ እናታችን በቤት ውስጥ በምን ሁኔታ እንዳሉ ሳንጠይቅ ልንቀርብ አይገባንም።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 ልጅ አባቱን በእርጅናው እንዲረዳው፣ አእምሮው ቢደክም እንኳ እንዲታገሠውና እንዳይንቀው ያዝዛል። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሆኖ፣ ሕመሙ በጸናበት ሰዓት፣ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷል (ዮሐ. 19፣ 26-27)። ደቀ መዝሙሩም በቃል ብቻ ተቀብሎ አልቀረም፤ ወደ ቤቱ ወሰዳት።

የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2218 ይህንኑ ያብራራል። ያደጉ ልጆች ወላጆቻቸውን በእርጅና፣ በሕመም፣ በብቸኝነትና በችግር ጊዜ በሚቻላቸው መጠን በቁሳቁስም በመንፈስም መርዳት እንደሚገባቸው ያስተምራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እርሳቸውም በዕድሜ በገፉበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1 ቀን 1999፣ ለአረጋውያን መልእክት ጽፈዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሐምሌ (ጁላይ) ወር አራተኛው እሑድ የአያቶችና የአረጋውያን ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስነዋል።

፫. የመንግሥትን ድጋፍ መጠየቅ ነውር ነውን?

ብዙ አረጋውያን፣ «እስከ ዛሬ ሰው ደጅ ሳልቆም ኖሬ፣ ዛሬ ለልመና ቀበሌ አልሄድም» ይላሉ። ይህ ንግግር ከመልካም ኩራት የመነጨ ስለሆነ ልንንቀው አይገባም። ነገር ግን በትሕትና ልናስረዳ የሚገባን ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ፣ የጤና መድን ልመና አይደለም። አባል የሆነ ሰው መዋጮውን ይከፍላል፤ የሚታከመውም እርሱና ጎረቤቶቹ ባዋጡት ገንዘብ ነው።

ሁለተኛ፣ አቅም ለሌለው ሰው መዋጮውን መንግሥት ሲከፍልለትም ቢሆን ይህ መብት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለሕዝብ ጤና የሚውል ሀብት የመመደብ፣ አቅም በፈቀደ መጠንም አረጋውያንን የመርዳት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ አስተምራለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1963 «ሰላም በምድር» በተሰኘው መልእክታቸው ሰው ሁሉ ሕክምና የማግኘት፣ በሕመምና በእርጅና ጊዜም የመረዳት መብት እንዳለው ገልጸዋል።

ሦስተኛ፣ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ምሳሌ ይሆነናል። በኢየሩሳሌም ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ የሮም ዜጋ መሆኑን ተናገረ (የሐዋ. 22፣ 25)፤ በቂሣርያም ጉዳዩ ወደ ቄሣር እንዲቀርብለት ጠየቀ (የሐዋ. 25፣ 11)። ጳውሎስ ስለ ክርስቶስ ለመሞት የተዘጋጀ ሰው ነበር፤ ሆኖም ሕግ የሰጠውን መብት መጠየቅን እምነት እንደ ማጣት አልቈጠረውም።

በሌላ በኩል፣ መንግሥት ይረዳል ማለት ልጅ ከግዴታው ነፃ ይሆናል ማለት አይደለም። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ወላጅና ልጅ እርስ በርሳቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ስለዚህ መድኑ ልጅነትን የሚያግዝ ነው እንጂ የሚተካ አይደለም።

፬. የጤና መድን ምንድን ነው?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በተመረጡ 13 ወረዳዎች ነው። ከእነዚህም አንዱ ጎረቤታችን የደቡብ ወሎው ተሁለደሬ ወረዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ወደ ሌሎች ወረዳዎች እየሰፋ ሄዷል። መድኑ በተለይ ለገበሬውና ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ለከተማ ነዋሪ የታሰበ ነው። ለመንግሥትና ለድርጅት ሠራተኞች፣ ለጡረተኞችም ጭምር፣ የወጣው ሕግ ሌላ ነው፤ እርሱም አዋጅ ቁጥር 690/2002 ሲሆን ተግባራዊነቱ ለብዙ ዓመታት ዘግይቷል። ስለዚህ ወላጃቸው ጡረተኛ የሆኑ ልጆች በሚኖሩበት ወረዳ እንዴት እንደሚስተናገዱ አስቀድመው ይጠይቁ።

አሠራሩን ለወሎ ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቅሬ አለን። በቅሬ ሁሉም በጤናው ጊዜ ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ቤት ይረዳበታል። ሬሳው ቤት ውስጥ ተጋድሞ ሳለ «ዛሬ ቅሬ ልግባ» የሚል ሰው የለም። የጤና መድንም እንዲሁ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ ገንዘቡ በጋራ ይጠራቀማል፤ የታመመው ይታከምበታል። ታዲያ ለቀብራችን አስቀድመን የምናዋጣ ሰዎች ለሕይወታችን ሲሆን ለምን እንዘገያለን?

በመድኑ የሚታቀፉ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ መዋጮውን ራሳቸው የሚከፍሉ ናቸው። ሁለተኛዎቹ የመክፈል አቅም የሌላቸው ናቸው፤ ስማቸው በቀበሌ ተለይቶ በወረዳው ሲጸድቅ መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል። አባል የሆነ ሰው ውል በተገባባቸው የመንግሥት ጤና ተቋማት ሲታከም ለምርመራ፣ ለመድኃኒት፣ ለመኝታም አይከፍልም፤ ሂሳቡን ተቋሙ ከመድኑ ይጠይቃል። እንደ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ያሉት ግን አይካተቱም። የሳንባ ነቀርሳን የመሳሰሉ ሕመሞች ሕክምና ደግሞ በመንግሥት ተቋማት ለማንም ሰው በነፃ ስለሚሰጥ፣ መድን የሌለው ሰው ለዚህ ብሎ ቤቱ ሊቀመጥ አይገባም።

፭. ልጅ ምን ማድረግ ይገባዋል?

ሀ/ ወላጆች በየትኛው ቤት እንደሚቈጠሩ መለየት። አባትና እናት በራሳቸው ቤት የሚኖሩ ከሆነ የሚመዘገቡት ራሳቸውን ችለው እንደ አንድ ቤተሰብ ነው። በልጅ ቤት የሚኖሩ ከሆነ ግን በልጁ መታወቂያ ላይ ተጨማሪ የቤተሰብ አባል ሆነው፣ ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎላቸው ይመዘገባሉ። ብዙ ልጆች ራሳቸው አባል ስለሆኑ ብቻ እናታቸውም የታቀፉ ይመስላቸዋል። ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በመታወቂያው ላይ መኖሩን በዓይናችን አይተን እናረጋግጥ።

ለ/ መሸኛ ማውጣት። ሀብሩ ወረዳና ወልድያ ከተማ አስተዳደር ለየብቻ የሚተዳደሩ ናቸው። ከመርሳ፣ ከሲሪንቃ፣ ከውርጌሳ ወይም ከግራና አካባቢ ወላጁን ወደ ወልድያ የሚያመጣ ልጅ ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ሳያወጣ መምጣት የለበትም። ከላይ የጠቀስናቸው እናት ከሁለት ያጡ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ/ ጊዜውን ማወቅ። ምዝገባውና እድሳቱ በዓመቱ ውስጥ የተወሰነ ጊዜ አለው፤ በገጠር ብዙውን ጊዜ የመኸሩ ምርት ከገባ በኋላ ይካሄዳል። የመዋጮው መጠንና የምዝገባው ቀን በየጊዜው ስለሚለወጥ ከቀበሌው ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጠየቅ ይገባል። አዲስ አባል የሆነ ሰውም አገልግሎቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሰጠው በዚያው ጊዜ ይጠይቅ።

መ/ ማስረጃ ማዘጋጀት። የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ መሸኛና የቀድሞው የመድን መታወቂያ ካለ እርሱን መያዝ ነው። ከሁሉም ወረቀት ቅጂ አስቀርተን በቤታችን እናስቀምጥ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢያችን በነበረበት ጊዜ በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማትና መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። ስለዚህ «ስሜ በመዝገብ አለ» ብሎ መተማመን ብቻ አይበቃም።

ሠ/ በጽሑፍ ማመልከት። በቃል የተጠየቀ ነገር ይረሳል፤ በጽሑፍ የቀረበ ግን መልስ ይፈልጋል። ለምሳሌ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦

«ለ… ቀበሌ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ እናቴን በጤና መድን ስለ ማስመዝገብ
እኔ አመልካች የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ስሆን፣ እናቴ ወ/ሮ … ዕድሜያቸው … ዓመት ነው። ከ… ወረዳ ከ… ቀበሌ መሸኛ ይዘው መጥተው ከ… ቀን ጀምሮ በእኔ ቤት ይኖራሉ። ስለዚህ በቤተሰቤ የጤና መድን መታወቂያ ላይ ተጨማሪ አባል ሆነው እንዲመዘገቡልኝ እየጠየቅሁ፣ ተገቢውን መዋጮ ለመክፈል ዝግጁ መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ። መሸኛውንና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ አያይዣለሁ።
ከሰላምታ ጋር»

የመክፈል አቅም ለሌላቸው ወላጆች ደግሞ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ፈንታ ያላቸውንና የሌላቸውን በእውነት ዘርዝሮ፣ አቅም ከሌላቸው ሰዎች ጋር እንዲታዩ መጠየቅ ነው። በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በቋሚነት የቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ ከሆነም ይህ ይጠቀስ። ማመልከቻው ለመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቀንና ቁጥር ይሰጠው፤ ቅጂው በእጃችን ይቅር። መልስ ከዘገየ ወይም ውሳኔው ትክክል ካልመሰለን ቀጥሎ የሚኬደው ወደ ወረዳው ወይም ወደ ከተማው የጤና መድን ክፍል፣ ከዚያም ወደ ቅሬታ ሰሚ ነው። ይህ ሁሉ ያለ ስድብና ያለ ጉቦ ሊደረግ ይገባል።

ረ/ የሕክምናውን ቅደም ተከተል መጠበቅ። ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በቀር ሕክምናው የሚጀመረው ከጤና ጣቢያ ነው። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሲሆን በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ ለምሳሌ በሀብሩ ያለ ሰው ወደ መርሳ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ወልድያ፣ ካስፈለገም ወደ ደሴ። ይህን መንገድ ዘልሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል የመድኑ ጥቅም ሊቀርበት ይችላል። የታዘዘው መድኃኒት በተቋሙ ሳይኖር ቀርቶ ከውጭ ከተገዛም ማዘዣውንና ደረሰኙን መያዝና ገንዘቡ የሚመለስበት ደንብ መኖሩን የመድኑን ክፍል መጠየቅ ተገቢ ነው።

፮. በእውነት መቆም

በዚህ ጉዳይ የሚያጋጥሙ ሁለት ፈተናዎች አሉ፤ ሁለቱም የርኅራኄ መልክ ስላላቸው ልንጠነቀቅባቸው ይገባል።

የመጀመሪያው፣ አቅም እያላቸው አቅም የለንም ማለት ነው። በሬና ላም ያለው፣ ልጁም ከውጭ አገር ገንዘብ የሚልክለት ሰው ስሙን ከድሆች ጋር ቢያስመዘግብ የሚጎዳው መንግሥትን ብቻ አይደለም። ለድሆች የሚከፈለው ገንዘብ ልክ ስላለው፣ የእርሱ ስም ሲገባ የአንዲት ባልቴት ስም ይወጣል። ይህ ሐሰት ብቻ ሳይሆን ስርቆትም ነው፤ የሚሰረቀውም ከድሃ ነው። የቀበሌ ኮሚቴ አባል የሆነ ምዕመንም ዘመዱን አስገብቶ የማያውቀውን ሰው ቢተው በዚሁ ኃጢአት ይጠየቃል።

ሁለተኛው፣ መታወቂያ ማዋስ ነው። «ጎረቤቴ ስትሞት ዝም ብዬ ልይ ወይ?» የሚል ጥያቄ ቀርቦልናል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ልብን ይነካል። ይሁን እንጂ በሌላ ሰው ስም መታከም በካርዱ ላይ የሌላ ሰው ሕመም እንዲጻፍ ያደርጋል፤ ይህም ነገ ለሁለቱም አደጋ ነው። የጋራውን ገንዘብም ያጎድላል። ለዚያች ጎረቤት መድኃኒቷን ዛሬ ገዝተን፣ ነገ ጠዋት አብረናት ቀበሌ ብንሄድ እውነተኛው ርኅራኄ ይህ ነው።

፯. የወላጅ ክብር

ወረቀቱን ስናሯሩጥ ሰውየውን እንዳንረሳ። አንዳንድ ጊዜ ልጅ አባቱን ሐኪም ፊት አስቀምጦ እርሱ ብቻ ይናገራል፤ አባት በራሳቸው ሕመም ላይ እንደ እንግዳ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ይህ አክብሮት አይደለም። «አባባ፣ እርስዎ ይንገሯቸው፤ የረሱትን እኔ እጨምራለሁ» ማለት ይሻላል። ቀበሌ ከመሄዳችን በፊትም ምን ልናደርግላቸው እንደሆነ ነግረን ፈቃዳቸውን እንጠይቅ። መድኃኒታቸውን በትክክል መውሰዳቸውን ስንጠይቅም እንደሚቈጣጠር ሰው ሳይሆን እንደሚሳሳ ልጅ እንጠይቅ። አረጋውያን ሕመማቸውን የሚደብቁት ሸክም እንዳይሆኑብን በመፍራት ነውና።

ወንድምና እኅትም በዚህ ምክንያት ሊጣሉ አይገባም። ውጭ አገር ያለችው ገንዘብ ትልካለች፤ አጠገብ ያለው እግሩን ይሰጣል። የላከችው «እኔ ነኝ የምጦራቸው»፣ የተመላለሰውም «እኔ ነኝ የምደክመው» ቢሉ ሁለቱም ዋጋቸውን ያጣሉ። ይልቁንም የምዝገባው ጊዜ ሳይደርስ ተነጋግረው መዋጮውን ማን እንደሚልክ፣ ወደ ቀበሌው ማን እንደሚሄድ ቢወስኑ መልካም ነው።

ደግሞም ጸሎትንና ሕክምናን የሚለያዩ ሰዎች አሉ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብርና መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ያስተምራል፤ በዚያው ምዕራፍ በታመምን ጊዜ እንድንጸልይም ያዝዛል። ስለዚህ ወላጆቻችን ሲታመሙ ለምሥጢረ ቀንዲል ካህን እንጥራላቸው፤ ወደ ጤና ጣቢያም እንውሰዳቸው። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

፰. የቁምስናው ድርሻ

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየቤቱ ስለምትገቡ ካህኑ የማያየውን ታያላችሁ። ስለዚህ ይህን አደራ እንሰጣችኋለን። በቁምስናችሁ ክልል ያሉትን አረጋውያን በመዝገብ ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ መድን አላቸው ወይስ የላቸውም፣ መቼ ይታደሳል፣ የሚሄድላቸው ልጅ አለ ወይ የሚለውን መልሱ። ልጅ ለሌላቸው ወይም ልጃቸው ለራቀባቸው ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ወጣት መድቡላቸው። የምዝገባው ወቅት ሲደርስ ከቅዳሴ በኋላ ይነገር። እኛ በቁጥር ጥቂቶች ነን፤ ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክሳውያንና ሙስሊሞች ናቸው። ማመልከቻ የሚጽፍ ልጅ የሌላቸው የጎረቤት እናት «የማን ናቸው?» ተብለው ሊጠየቁ አይገባም። በወሎ ምድር ሐዘኑና ደስታው የጋራ እንደሆነ ሁሉ ይህም የጋራ ይሁን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ወላጆቻችን ወይም አብረውን የሚኖሩ አረጋውያን የጤና መድን አላቸውን? መታወቂያውን በዓይናችን አይተነዋልን?
2. በማርቆስ ምዕራፍ 7 የተጠቀሰው «ቍርባን» የሚል ምክንያት ዛሬ በእኛ ሕይወት በምን መልክ ይገለጣል?
3. በአካባቢያችን የሚሄድላቸው ሰው በማጣት ብቻ ሕክምና የቀረባቸው ሰዎች አሉን? ከመካከላችን ማን ይሄድላቸዋል?
4. ለገንዘብ መዋጮ ፈጥነን ጊዜያችንን ለመስጠት የምንዘገየው ለምንድን ነው?

መደምደሚያ

ከላይ የጠቀስናቸው እናት አሁን በልጃቸው መታወቂያ ላይ ተመዝግበዋል። መታወቂያውን በተቀበሉበት ቀን በግራ እጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት፤ ከዚያም ከመቍጠሪያቸው ጋር ጠቅልለው ከራስጌያቸው አኖሩት። ሁለቱ አብረው መቀመጣቸው ለእኛ ትምህርት ሆኖናል። ይህን ከማየታችን ሁለት ዓመት ቀደም ብለን ብንጠይቃቸው ኖሮ ዛሬ መቍጠሪያውን በቀኝ እጃቸው በያዙት ነበር። እንግዲህ ይህን ትምህርት ያነበበ ሁሉ ዛሬ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ በመስቀል ላይ ሳለህ እናትህን ያልረሳህ፣ እኛም የወለዱንንና ያሳደጉንን በድካማቸው ቀን እንዳንረሳ ልባችንን አንቃ፤ እግራችንንም አፍጥን። አሜን።